የብስክሌት የፊት አሞርዛተር ለአሽከርካሪው ክብደትና ለመንገዱ እንዴት ይስተካከላል?

ባሕር ዳር፦ በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ብስክሌት የኑሮ አካል ነው። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ ሥራ ቦታው ይሄድበታል፤ ከከተማዋ ወጣ ሲባል ደግሞ ያው ብስክሌት የእህል ከረጢት ወይም የውኃ ጀሪካን ተጭኖበት በኮረኮንች መንገድ ሲጓዝ ይታያል። በገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ወፍራም ጥርሳም ጎማ ያለውና በፊት ሹካው ላይ አሞርዛተር የተገጠመለት የተራራ ብስክሌት ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ መሪውን ወደ ታች ጫን ያደርግና ሹካው ለስለስ ብሎ ሲወርድ "ጥሩ ነው" ብሎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ሹካው ዘይት እስኪያፈስ ወይም እስኪደርቅ ድረስ የሚነካው የለም።

ችግሩ የሚመጣው ሹካው ማንን እንደሚሸከምና በምን መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። 55 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ወጣት የተመቸ ሹካ 85 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ጎልማሳ በጣም ይላላል። የላላ ሹካ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን ይደፋል፤ የአሽከርካሪው ክብደት በሙሉ ወደ ፊት ይዞራል፤ ጎማው ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ካገኘ ሰውየው በመሪው ላይ ተሻግሮ ሊወድቅ ይችላል። ከመጠን በላይ የጠጠረ ሹካ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ጎማው መሬቱን ተከትሎ መውጣትና መውረድ ሲገባው ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል፤ ጎማው አየር ላይ በሆነበት ቅጽበት ፍሬኑም መሪውም አይሠሩም። እጅና የእጅ አንጓ የሚደነዝዙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የተራራ ብስክሌት ሲጀመር አሞርዛተር አልነበረውም። ስፖርቱ መልክ የያዘው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ በሚገኘው የታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ነው። ወጣቶች ከባድና አሮጌ ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌቶችን ይዘው ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድር ስሙ "ሪፓክ" ነው። የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ ግሪሱ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ እንደገና መሙላት ያስፈልግ ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ። የብስክሌት አሞርዛተር በሰፊው የታወቀው ግን ከ1989 ወዲህ ነው፤ በዚያ ዓመት በሞተር ሳይክል ሙያ ያደገው ፖል ተርነር ከስቲቭ ሲሞንስ ጋር ሮክሾክስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያው ሹካቸው የሚወርደው 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በቀጣዩ ዓመት በኮሎራዶ ዱራንጎ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የቁልቁለቱን ውድድር ያሸነፈው ግሬግ ኸርቦልድ የተጠቀመው ይህንኑ ሹካ ነበር። ዛሬ ለቁልቁለት ውድድር የሚሠሩ ሹካዎች 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳሉ።

ሹካው ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ሸክሙን መያዝና ምቱን መቀበል ነው፤ ይህንን የሚያከናውነው በአንደኛው እግር ውስጥ ያለው የብረት ሞላ ወይም የታመቀ አየር ነው። ሁለተኛው የሞላውን ንዝረት ማርገብ ነው። ሞላ ብቻውን ከተተወ የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይወረውራል። ጭነቱ በደንብ ያልታሰረለት አህያ ሲቆም ጭነቱ ወዲያና ወዲህ መወዛወዙን እንደማያቆም፣ ማርገቢያ የሌለው ሹካም ድንጋዩ ካለፈ በኋላ ሲነጥር ይቆያል። በተሻሉ ሹካዎች ውስጥ ይህን የሚገታው በሌላኛው እግር ያለው ዘይት ነው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይገደዳል። ውኃ የሞላ የሕክምና መርፌን ቀስ ብሎ የሚገፋ ሰው በቀላሉ ይገፋዋል፤ በኃይል ሲገፋው ግን እምቢ ይለዋል። የሹካው ዘይትም እንደዚያው ነው፤ የምቱን ጉልበት በመቀዝቀዝ የሚጠፋ ሙቀት ያደርገዋል። ማስተካከል ማለት በአብዛኛው የሞላውን ጥንካሬና የዘይቱን ቀዳዳ ስፋት ለአንድ ሰውና ለአንድ መንገድ ማስማማት ነው።

ሹካውን ከመንካት በፊት ጎማው መታየት አለበት። ድንጋይ የሆነ ጎማ ወይም የተንጠፈጠፈ ጎማ ያለው ብስክሌት ሹካው ምንም ቢስተካከል አይመችም፤ ጎማው ራሱ የመጀመሪያው አሞርዛተር ነው። ዝቅተኛውና ከፍተኛው የአየር መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኮረኮንች መንገድ ለሚያዘወትር ሰው ከሁለቱ ቁጥሮች ወደ ዝቅተኛው የቀረበው ይሻለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሹካው የሰውየውን ክብደት ሲሸከም ምን ያህል ዝቅ እንደሚል መለካት ነው። ባለሙያዎች ይህንን "ሳግ" ይሉታል። ሹካ ሰው ሲቀመጥበት ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት፤ ያ ዝቅታ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ተዘርግቶ መሬቱን እንዲከተል ያስችለዋል። ለመንገድና ለአቀበት ለሚያገለግል ብስክሌት ዝቅታው ከሹካው ሙሉ ጉዞ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ለድንጋያማ የእግር መንገድ ከ20 እስከ 25 በመቶ፣ ቁልቁለት ብቻ ለሚወርድ ደግሞ እስከ 30 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ሙሉ ጉዞው 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ሹካ በ20 በመቶ 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው፤ 120 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ 24።

ልኬቱ ማስመሪያና የአንድ ሰው እገዛ ብቻ ይፈልጋል። በብዙ ሹካዎች አንጸባራቂ ዘንግ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለ፤ ከሌለ ቀጭን ክር ወይም ላስቲክ ማሰር ይቻላል። ቀለበቱ እስከ ጎሚኒው ድረስ ወደ ታች ይወርዳል። አሽከርካሪው ዘወትር የሚለብሰውን ለብሶ፣ የሚይዘውን ቦርሳ ይዞ፣ ረዳቱ ብስክሌቱን ደግፎለት በፔዳሎቹ ላይ ቆሞ እጁን መሪው ላይ ያሳርፋል። ፍሬን አይያዝም፤ መዝለልም አይገባም። ከዚያ ሹካውን ሳይነቀንቅ በቀስታ ይወርዳል። በጎሚኒውና በቀለበቱ መካከል ያለው ርቀት ዝቅታው ነው። አንድ ልኬት ሊያሳስት ስለሚችል ሦስት ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን መውሰድ ይሻላል።

ሹካው በአየር የሚሠራ ከሆነ ዝቅታው ሲበዛ አየር ይጨመራል፣ ሲያንስ ይቀነሳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለመኪና ጎማ የሚበቃው አየር 30 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ሲሆን ሹካ ግን በአብዛኛው ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈልጋል፤ አየሩ የሚገባበት ክፍል ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ብዙ አየር በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግፊቱን በቅጽበት ከልክ በላይ ያደርሰውና ጎሚኒውን ይጎዳል። ተራው የእጅ መንፊያም ከቫልቩ ሲነቀል የገባውን አየር ይዞት ይወጣል። ለሹካ የሚሆነው ትንሽ የግፊት መለኪያ ያለው ልዩ የአሞርዛተር መንፊያ ነው። ዋጋው ለአንድ ሰው የሚከብድ ቢሆንም በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ የብስክሌት ቡድን አንድ ቢኖር ለሁሉም ይበቃል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚፈለግ ዕቃ ነውና።

የመንፊያው ቱቦ ከተነቀለ በኋላ ለማረጋገጥ እንደገና ሲገጠም ቁጥሩ ቀንሶ ይታያል። ሹካው አየር አፍስሷል ማለት አይደለም፤ ከሹካው የወጣ ጥቂት አየር ባዶውን ቱቦ ስለሞላ ነው። አዲስ አየር ከተሞላ በኋላ ሹካውን አሥር ጊዜ ያህል እስከ ግማሽ ድረስ ወደ ታች መጫንና ግፊቱን እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሹካዎች ከዋናው የአየር ክፍል በታች ሌላ ትንሽ ክፍል ስላላቸው አየሩ በሁለቱ መካከል የሚደላደለው በዚህ ጊዜ ነው። የመነሻው መጠን በክብደት ተከፋፍሎ በሹካው እግር ላይ ወይም በመመሪያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከፍተኛ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር በምንም ምክንያት አይታለፍም።

ከፍታ ይህንን ልኬት ይቀይረዋል ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ በሆነችው ባሕር ዳር የተሞላ ሹካ ከዚያ 1 ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ወደምትለው ደባርቅ ቢወሰድ ልዩነቱ ከ2 ፒ.ኤስ.አይ ያንሳል፤ አሽከርካሪው አይሰማውም። የሙቀት ለውጥ የበለጠ ይከብዳል። በደጋ ማለዳ 10 ዲግሪ ላይ 80 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ሹካ ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን 5 ያህል ይጨምራል። ብስክሌቱን ፀሐይ ላይ አቁሞ ከመለካት ይልቅ ዘወትር በሚነዳበት ሰዓትና ጥላ ሥር መለካቱ የሚመከረው ለዚህ ነው።

የብረት ሞላ ያላቸው ሹካዎች በእግራቸው አናት ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለው ማዞሪያ ይኖራቸዋል። ማዞሪያው ወደ መደመር ሲዞር ሞላውን ከመነሻው ጥቂት ያምቀዋል፤ በዚህም ዝቅታው ይቀንሳል። የሞላው ጥንካሬ ግን አይለወጥም። ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ዞሮም ሹካው ከመጠን በላይ ዝቅ የሚል ከሆነ መፍትሔው ጠንከር ያለ ሞላ መቀየር ነው፤ ማዞሪያውን በኃይል ማጥበቅ ክሩን ከመብላት ያለፈ ጥቅም የለውም። በርካሽ ሹካዎች ላይ መለዋወጫ ሞላ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጭነትን በተመለከተም የሚነሣ ነገር አለ። ከኋላ ወንበር ላይ የተጫነ ከረጢት አብዛኛው ክብደቱ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል፤ እንዲያውም የፊቱን ያቀለዋል። አቀበት ላይ መሪው የሚቅበዘበዘው ከዚህ የተነሣ ነውና ሹካውን ማጠንከር አይፈውሰውም፤ ጭነቱን ወደ ፊት ማስጠጋት ወይም መቀነስ እንጂ። በመሪው ላይ የሚንጠለጠል ጀሪካን ግን ሙሉ በሙሉ የሹካው ሸክም ይሆናል። ከዚህም በላይ በየመዞሪያው መሪውን ይጎትታል። የትኛውም ማስተካከያ ይህንን ደኅና አያደርገውም።

ዝቅታው ከተስተካከለ በኋላ የመመለሻው ፍጥነት ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። አየር ሲጨመር ሹካው በበለጠ ኃይል ስለሚመለስ ማርገቢያውም አብሮ መለወጥ አለበት። ማዞሪያው ብዙ ጊዜ በቀኝ እግር ግርጌ ላይ የሚገኝ ቀይ ቁልፍ ሲሆን፣ አንዳንዱ የኤሊና የጥንቸል ሥዕል አለው። ወደ ኤሊው ሲዞር ሹካው ቀስ ብሎ፣ ወደ ጥንቸሉ ሲዞር ፈጥኖ ይመለሳል። እያንዳንዱ ጠቅታ ይቆጠራል። በመጀመሪያ ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ኤሊው ይዞራል፤ ከዚያ ጠቅታዎቹ እየተቆጠሩ እስከ መካከላቸው ይመለሳል። ከዚያ የሚደረገው ሙከራ ቀላል ነው። አሽከርካሪው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ በእግረኛ ፍጥነት ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ይወርዳል። ሹካው ወርዶ አንድ ጊዜ ተመልሶ ዝም ካለ ተስማምቷል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ከነጠረ አንድ ወይም ሁለት ጠቅታ ወደ ኤሊው ያስፈልገዋል።

በጣም ቀርፋፋ የሆነ መመለሻ እንደ ፈጣኑ ቶሎ አይታወቅም፤ አደጋው ግን አያንስም። በኮብልስቶን ወይም በተከታታይ ድንጋዮች ላይ ሹካው አንዱን ምት ተቀብሎ ሳይመለስ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ይደርስበታል። በየምቱ እያጠረ ይሄድና በመጨረሻ የሚወርድበት ቦታ ያጣል። አሽከርካሪው ይህን ሲሰማው ሹካው የጠነከረ መስሎት አየር ይቀንሳል፤ ችግሩም ይብሳል። መንገዱ መጀመሪያ ላይ ተመችቶ ከመቶ ሜትር በኋላ እጅ ማንገጫገጭ ከጀመረ አየር ከመቀነስ በፊት መመለሻውን ማፍጠን ነው የሚበጀው።

ሦስተኛው ማዞሪያ በሹካው አናት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰማያዊ ቀለም የሚገኘው ነው። ሹካው የሚወርድበትን ፍጥነት ይገታል፤ በርካታ ብስክሌቶች ላይ ሙሉ በሙሉ የሚቆልፍ ነው። አስፋልት አቀበት ላይ ቆሞ ለሚነዳ ሰው ይጠቅማል። ኮረኮንች ላይ ተቆልፎ መነዳት ግን የለበትም፤ በርካሽ ሹካዎች ውስጥ ያለው መቆለፊያ በቀላሉ ይሰበራል። ለጀማሪ ክፍት ማድረግ ይበቃዋል፤ ከዚያ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው የሚደፋ ከሆነ ብቻ አንድ አንድ ጠቅታ ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍርዱን የሚሰጠው መንገዱ ነው። ቀለበቱ ወደ ታች ወርዶ በተለመደው መንገድ ከተነዳ በኋላ የደረሰበት ቦታ ይታያል። መንገዱ ላይ ካለው ትልቁ ጉድጓድ በኋላ ቀለበቱ ከሙሉ ጉዞው ዘጠኝ አሥረኛ አካባቢ ቢደርስ መልካም ነው። በየጊዜው መጨረሻውን እየመታ "ጓ" የሚል ድምፅ የሚያሰማ ሹካ ላልቷል፤ አንድ ሦስተኛው ሳይነካ የሚቀር ደግሞ ጠጥሯል። ዝቅታው ልክ ሆኖ መጨረሻውን የሚመታ ከሆነ በአየር ክፍሉ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የፕላስቲክ መሙያ አለ፤ የአየሩን ቦታ በማጥበብ ሹካው መጨረሻው አካባቢ እንዲጠነክር ያደርጋል። በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ቁጥሩን በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል፤ ሁለት ማዞሪያ በአንድ ጊዜ ያዞረ ሰው የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም።

ስለ ጥገናው ሲነሣ የሹካ ዋነኛ ጠላት አቧራ ነው። በበጋ የደረቀው አፈር፣ በክረምት ጭቃው በአንጸባራቂው ዘንግ ላይ ይለጠፍና በጎሚኒው በኩል ይገባል፤ ውስጥ ገብቶም ዘንጉን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከየጉዞው በኋላ ዘንጉን በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ከማንኛውም ማስተካከያ የበለጠ ዕድሜ ይሰጠዋል። የመኪና ማጠቢያ የግፊት ውኃ ወደ ጎሚኒው መተኮስ፣ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብ፣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመዱ ናቸው፤ ሁሉም ይጎዳሉ። ነዳጁ ላስቲኩን ያበላሸዋል፤ ወፍራሙ ዘይት ደግሞ አቧራውን ይዞ ያስቀራል። ከአምራች አምራች ቢለያይም ብዙዎቹ ከ50 ሰዓት ንጂያ በኋላ የታችኛው እግር ተፈትቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲለወጥ ያዝዛሉ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ለሚነዳ ሰው ይህ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። አየር ያለው ሹካ ሲፈታ በመጀመሪያ አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ግፊት እያለ ክዳኑ ከተፈታ እንደ ጥይት ተወርውሮ ፊትን ወይም ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው የፊት ፍሬኑን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቀው። በሌላ እጁ ጣቶች የመሪውን አንገት ሲነካ የሚላወስ ነገር ከተሰማው ኩሽኔታው ማጥበቅ ይፈልጋል፤ ይህ ቀላል ነው። ልውሱ በዘንጉና በታችኛው እግር መገናኛ ላይ ከሆነ ግን ዘንጉ የሚንሸራተትበት የውስጥ ቀለበት ተበልቷል፤ በርካሽ ሹካ ላይ ጥገናው ከአዲስ ሹካ ዋጋ አይተናነስም። በዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዘው ጭረት፣ በሁለቱ እግሮች መገናኛ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ፣ ከፊት ሲታይ አንዱ እግር ከሌላው መዝመሙ ከታየ ብስክሌቱ በምንም ዋጋ አይገዛም። ስንጥቁ የሚሰፋው በፍሬን ጊዜ ነውና።

ከአስፋልትና ከኮብልስቶን የማይወጣ፣ ወይም ብስክሌቱን በዋናነት ለጭነት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጨርሶ አሞርዛተር አያስፈልገውም። ማስተካከያ የሌለው ርካሽ ባለ ሞላ ሹካ ከሁለት ክረምት በኋላ ዝጎ የሚደርቅ ከባድ ብረት ነው። ቀጥ ያለ የብረት ሹካ ቀላል ነው፤ ጎሚኒና ዘይት አይፈልግም፤ ፍሬን ሲያዝም አይደፋም። ሲቀየር ግን የአዲሱ ቁመት አሮጌው ሹካ ሰው ተቀምጦበት ከሚኖረው ቁመት ጋር መቀራረብ አለበት። ካጠረ የብስክሌቱ ፊት ዝቅ ብሎ መሪው ይቅበጠበጣል፤ ፔዳሉም ድንጋይ ይነካል።